12ኛ ክፍል ጨርሰው ፔሮል ማንበብ የማይችሉ ልጆች፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ፔሮሏ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት።

ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ የምሠራ ሰው ነኝ። የት እንደሆነ ይቅር። ሥራዬ በወር አንድ ጊዜ በጣም ይከብዳል፤ ደመወዝ በገባ ማግስት። ቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ይያዛል። አብዛኞቹ በቅርቡ 12ኛን የጨረሱ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «በ8 ሺህ ነው የተቀጠርኩት፤ ለምን 6,290 ገባልኝ? ማን ቆረጠብኝ?»

ቁጭ አድርጌ አስረዳለሁ። ከ8,000ው የመጀመሪያው 2,000 ግብር የለበትም። ቀጥሎ ያለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። ከዚያ 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። የቀረው 1,000 ላይ 25 በመቶ፣ 250 ብር። ግብሩ በድምሩ 1,150። ጡረታ 7 በመቶ፣ 560። አለቀ። የመቶኛ ሒሳብ ነው፤ ሁሉም ተምሮታል። ግን እስከ ዛሬ አንድም ልጅ «ይቺን እንኳ አውቃታለሁ» ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር የባሰ ገጠመኝ። 7,000 የሚከፈላት ጎበዝ ልጅ 200 ብር ጭማሪ ተፈቀደላት። መጥታ «ይቅርብኝ» አለችኝ። ከ7,000 ካለፍኩ 25 በመቶ ውስጥ ስለምገባ ደመወዜ ይቀንሳል ብላ ነው። 25 በመቶው የሚያርፈው በ200ዋ ላይ ብቻ ነው፣ ግብርሽ በ50 ብር ነው የሚጨምረው ብዬ በወረቀት አሳየኋት። አላመነችኝም። ያመነችኝ በሚቀጥለው ወር ብሩ ሲገባ ነው።

እኔ ራሴ የድሮው ሲቪክስ ተማሪ ነኝ። 11ዱን እሴቶች አሁንም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወርዳቸዋለሁ። ዘጠነኛው ቁጠባ ነበር። የቁጠባ ትርጉም፣ የቁጠባ ጥቅም፣ ምናምን። ኤ ነው ያመጣሁበት። የመጀመሪያ ደመወዜን ግን በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት።

እና ጥያቄዬ፦ የገንዘብ አያያዝና የዜግነት ትምህርት ሃይስኩል ላይ በደንብ፣ በግዴታ ይሰጥ? እኔ ሁለቱ አንድ ትምህርት ናቸው ባይ ነኝ። ፔሮል ላይ «የሥራ ግብር» የምትለው መስመር ሲቪክስ ካልሆነች ምንድን ናት?

---

አራዳው 22 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ሲቪክስ ማለት እኮ አንቀጽ ሸምድዶ መርሳት ነበር። አንቀጽ 39 ላይ ስንጨቃጨቅ አድገን፣ ፖሊስ የያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ያወቅኩት ጎረቤቴ ሲታሰር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ያውም ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼዋለሁ 😂

---

ጠመኔ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ፤ 9ኛና 10ኛ ነው የማስተምረው። እህቴ ፔሮሏ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ግን «ግዴታ ይሁን» የሚለው ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ እንበል።

ግዴታ እኮ ነው! የዜግነት ትምህርት አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስም ከ9ኛ ጀምሮ ገብቷል። ልጁ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር ሰሌዳ ላይ ስሎ ያሳይሃል። የእናቱ ሱቅ በወር ስንት እንደምታተርፍ ጠይቀው፤ ዝም ይላል። ስለዚህ የጎደለው የትምህርቱ ስም አይደለም። ክፍል ውስጥ የሚገባው ነገር ነው።

ሌላው፣ 58 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፣ ለሦስት አንድ መጽሐፍ። ይሄን ሳትቆጥሩ «ይጨመር» አትበሉ።

እና ደግሞ አንድ ያልተነገረ ነገር። የእኔ ደመወዝ 20ኛው ቀን ላይ ያልቃል። ስለ ቁጠባ ሳስተምር ልጆቹ የሚያዩት ሰሌዳውን አይደለም፤ ጫማዬን ነው።

---

የድሮ ተማሪ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጆቼ፣ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። በንጉሡ ጊዜ ግብረ ገብ ተማርን። ደርግ መጣና ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ሆነ። ኢሕአዴግ ሲመጣ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተባለ። አሁን ደግሞ የዜግነት ትምህርት ትሉታላችሁ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መጀመሪያ የሚለወጠው ይህ ደብተር ነው። ተማሪው ይህን ያያል። ለዚህ ነው ከልቡ የማይማረው።

በኛ ጊዜ አንድ ደህና ነገር ነበር። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በሚባሉት ትምህርት ቤቶች የንግድ ክፍል ነበር። ቡክ ኪፒንግ፣ ማለትም የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ እና ታይፕ ይማሩበት ነበር። ቡክ ኪፒንግን ማንም መንግሥት መጥቶ አልከለሰውም። ዴቢት ዴቢት ነው።

---

ቁጥር ወዳድ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

እኔ ከጠመኔ ጋር አልስማማም። ቁጥሩን እዩት። የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ለእነዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡት።

የቀረው ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ልጅስ? ፋብሪካ ይገባል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ይሰደዳል። በሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልገው የሥራ ውል ማንበብ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ፣ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን እንደሆነ ማወቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ላይ ቁልጭ ብሎ አለ። ስድስት ወር «ሙከራ ላይ ነህ» ተብሎ የሚሠራ ስንት ልጅ አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ ፔሮሏ፣ ከግብር ነፃ የሆነው 600 ብር አይደለም እንዴ?

---

ፔሮሏ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡09

@ቁጥር ወዳድ የድሮው ነው ያልከው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ 2,000 ሆኗል። ከ14,000 በላይ ያለው ላይ ነው አሁን 35 በመቶ የሚያርፈው። አየህ፣ አንተም በኔ ሰልፍ ውስጥ ነህ 😄

---

ብር ቀለጠ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሁላችሁም ስለ ቁጠባ ስታወሩ ያስቀኛል። ባንክ ለቁጠባ የሚሰጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 10 ሺህ ብር ያስቀመጠ ልጅ በዓመቱ 10,700 አገኘ። በ10 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ 13 ሺህ ገባ። ከዚያ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። ያልቆጠበው ልጅ ቆርቆሮ ገዝቶ አስቀምጦ ነበር። ማን ነው የገንዘብ አያያዝ የገባው?

ልጅን «ቆጥብ» ብሎ ማስተማር ማጃጃል ነው።

---

ጠመኔ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ብር ቀለጠ፣ አሁን የጻፍካት አንቀጽ ከመጽሐፉ ሙሉ ምዕራፍ ትበልጣለች። ልጁ ይቺን ራሱ ያስላት። እኔ የምለው እሱን ነው። «ቁጠባ ጥሩ ነው» ሳይሆን «10 ሺህ ብር አለህ፤ ባንክ ታስቀምጣለህ፣ ቆርቆሮ ትገዛለህ ወይስ ዕቁብ ትገባለህ? አስላ።»

---

ዕቁብተኛ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ዕቁብ ከተነሳ እኔ አለሁ። ለ11 ዓመት የዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። 20 ሰው፣ በየወሩ 5 ሺህ። መጀመሪያ የወጣለት 100 ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የወጣለት ግን 20 ወር ሙሉ አበዳሪ ሆኖ ከረመ፤ በግሽበቱ ደግሞ ተበላ። ይሄ ሒሳብ የገባው ሰው ዕጣ ይገዛል፣ ይሸጣል። ያልገባው «ዕድሌ ነው» ይላል።

እና ዕቁብ ሲወጣልህ ዋስ ትጠራለህ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ዋስ የሚሆነው ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም አያነብም። «ወንድሜ ነው» ይልና ይፈርማል።

---

ፈራሚው · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

ዕቁብተኛ ቁስሌን ነካህ።

20 ዓመቴ ነበር። ጓደኛዬ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ተቀጠረ። ዋስ አምጣ አሉት። ሄድኩ፣ ፈረምኩ፣ ሻይ ጋበዘኝ። ከሰባት ወር በኋላ ጓደኛዬ ጠፋ፤ ካዝናው ውስጥ ጎደለ የተባለው ብር ደግሞ ብዙ ነው። ደብዳቤው የመጣው ለእኔ ነው። «እሱን መጀመሪያ ፈልጉት እንጂ» ስላቸው፣ ወረቀቱን አውጥተው አሳዩኝ። «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» ይላል፤ ፊርማዬ ከታች። በአንድነትና በነጠላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሕይወቴ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ያሳመረ አማርኛ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ከደመወዜ ከፈልኩ። ጓደኛዬን አንድ ቀን ቦሌ አየሁት፤ መንገድ ተሻገረ።

---

ሕግ ነክ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ፈራሚው፣ አይዞህ። ይህን ታሪክ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ።

ለሌሎቻችሁ ግን ልንገራችሁ፤ ተራ ዋስ ከሆንክ አበዳሪው መጀመሪያ የዋናውን ባለዕዳ ንብረት እንዲፈልግ መጠየቅ ትችላለህ። «በአንድነትና በነጠላ» ብለህ ከፈረምክ ግን ባለዕዳውን ትቶ ቀጥታ አንተ ጋ መምጣት ይችላል። በአንድ ሐረግ ነው ልዩነቱ።

ሁለተኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922ን አንብቡ። የዋስትና ውል ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ ኃላፊ እንደሚሆን ካልጻፈ ውሉ አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ብቻ ከሆነ ባለሙያ አሳዩ። ፈራሚው፣ ያንተ ወረቀት ላይ መጠን ተጽፎ ነበር?

ሦስተኛ፣ ከ500 ብር በላይ ያበደረ ሰው ብድሩን በምስክር አያስረዳም፤ ወይ ጽሑፍ፣ ወይ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ያስፈልገዋል። 500ው በ1952 የተጻፈ ነው፤ ያኔ ትልቅ ብር ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ በልቶ ያልፈዋል። ስለዚህ በዛሬ ኑሮ ብድር የሚባል ነገር ሁሉ በጽሑፍ ነው ብላችሁ ያዙት።

ይሄን ለማስተማር የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

---

ፈራሚው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡52

መጠን አልተጻፈበትም ነበር። «ለሚጎድለው ሁሉ» ነው የሚለው።

አሁን ስምንት ዓመት ሆነው።

---

ካምፓስ ነበርኩ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

የንግድ ባንክን ሌሊት የረሳችሁ ይመስላል። መጋቢት 7 ቀን 2016። ሲስተሙ ተበላሽቶ ከሒሳብ በላይ ብር ይወጣ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለው ኤቲኤም ሰልፉ ዶርም ድረስ ደርሷል። በኋላ ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጥቷል አለ። ዩኒቨርሲቲዎች «መልሱ» ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ያልመለሱትን ደግሞ ባንኩ ስማቸውን ከነፎቶአቸው አወጣው።

ያ ሁሉ ልጅ ለዓመታት ሲቪክስ የተማረ ነው። «ኃላፊነት» የሚል ምዕራፍ ነበረው። እኔ አልወጣሁም፤ ጀግና ስለሆንኩ ሳይሆን ስልኬ ተዘግቶ ተኝቼ ነበር። የዶርም ልጅ ግን በሙሉ ልቡ «የባንኩ ስህተት ነው፣ እኔ አልሰረቅኩም» ይል ነበር። ሌባ አይደለም። ያላግባብ ያገኘኸውን ትመልሳለህ የሚል ሕግ መኖሩን አያውቅም፤ በቃ።

---

አራዳው 22 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡33

ኧረ ባክህ። ሒሳቡ ላይ 300 ብር ያለው ሰው 20 ሺህ ሲያወጣ ሕግ ነው የጎደለው? አያቱ የነገሩት ይበቃው ነበር። ሁሉን በትምህርት እጥረት አታሳቡ።

---

ካምፓስ ነበርኩ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ።

---

ቨርጂኒያ ነዋሪ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡10

ከዚህ ማዶ ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ ከሃይስኩል ለመመረቅ «ኢኮኖሚክስና የግል ፋይናንስ» የሚባል ኮርስ መውሰድ አለበት። ግዴታ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ዘጠነኛ ከገቡት ልጆች ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው። የመንግሥት አሠራር የሚማሩበትም ኮርስ ለብቻው አለ፤ እሱም ግዴታ።

ልጄ የቤት ሥራ አምጥታ «አባዬ፣ የክሬዲት ካርድህን ወረቀት አሳየኝ» አለችው። ዝቅተኛውን ብቻ እየከፈልክ ከሄድክ ስንት ዓመት እንደሚፈጅብህ ታውቃለህ? ብላ ሠርታ አሳየችው። ራት ላይ ማንም አላወራም። አባትየው በሚቀጥለው ወር ካርዱን ቆረጠው፤ በመቀስ፣ እውነቴን ነው።

ግን አታጋንኑት። ወንድሟ ያንኑ ኮርስ፣ ከዚያው አስተማሪ ተምሮ በደህና ውጤት አልፏል። ባለፈው ጫማ በአራት ዙር ክፍያ ገዛ። ጫማ!

---

ኑሮ በጅዳ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡20

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ እዚህ መድረክ ላይ ጽፌ አላውቅም፤ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ሃይስኩል ሃይስኩል ትላላችሁ። እኔ የወጣሁት ከ8ኛ ነው። አብረውኝ ያሉት ልጆችም እንደዛው፤ አንዷ 6ኛ ናት። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ በየወሩ ልኬአለሁ። የምልከው በወንድሜ ሒሳብ ነው፤ በስሜ ሒሳብ አልነበረኝም። ቦታ ተገዛ፣ ቤት ተሠራ ተባልኩ። ፎቶ ይላክልኛል። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስገባ ካርታው በሱ ስም ነው፤ ሚስት አግብቶ ገብቶበታል። እናቴ «ወንድምሽን ፍርድ ቤት ልታቆሚው ነው?» ብላ አለቀሰች። ተመለስኩ።

እኔ ግብር ምናምን አይገባኝም። «ከመሄድሽ በፊት በራስሽ ስም ሒሳብ ክፈቺ፣ ከላክሽው ግማሹን እዚያ አስቀምጪ» የሚለኝ አንድ አስተማሪ ቢኖረኝ ይበቃኝ ነበር። ስለዚህ 7ኛና 8ኛ ላይ አምጡት። ሃይስኩል ሲደርስ እኛ የለንም።

---

ፔሮሏ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡02

እህቴ፣ ምን እላለሁ። ርዕሱን ስጽፍ 12ኛ ክፍል ብዬ ነው የጀመርኩት። አንቺ ነሽ ትክክል፤ እኔ የማየው በሬ ድረስ የመጣውን ብቻ ነው።

---

ሕግ ነክ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡15

@ኑሮ በጅዳ የላክሽበትን ደረሰኝ ሁሉ አትጣዪ። ስለ ቤቱ ያወራችሁበትን የስልክ መልእክትም አታጥፊ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ከክስ በፊት በሽምግልና የሚቻል ነገር አለ፤ ወረቀት ይዘሽ ስትቀርቢ ግን ሽማግሌም በሌላ ዓይን ያይሻል።

---

አወያይ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡40

አራት አስተያየት አንስቻለሁ። የፓርቲ ስም እየጠራችሁ መሰዳደብ ከፈለጋችሁ ሌላ ክር ክፈቱ።

---

ሒሳብ አስተማሪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

እኔ አዲስ ትምህርት መጨመሩን አልደግፍም። አዲስ ትምህርት ማለት አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ መምህር፣ አዲስ ፈተና ነው። ፈተና ውስጥ ካልገባ ደግሞ ተማሪው አይሰማህም፤ ከገባ ይሸመድደዋል። በሁለቱም ተሸነፍክ።

የፔሮሏን የ8,000 ብር ምሳሌ ግን ነገ መቶኛ ሳስተምር እወስዳታለሁ። በመጽሐፉ ያለው ምሳሌ ስለ ብርቱካን ነው። ብርቱካን ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ? ልጆቹ ራሳቸው ይስቃሉ።

---

ጠመኔ · ከሰባት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ተመልሻለሁ።

ሁለት ነገር ይዤ ገባሁ። አንደኛው ከፈራሚው ታሪክ ያወጣሁት ባዶ የዋስትና ወረቀት፤ በእጄ ጻፍኩት። አንዱን ተማሪ ጠርቼ «ጓደኛህ ሥራ ሊቀጠር ነው፣ ፈርምለት» አልኩት። ሳያነብ ፈረመ። ሌላውን ጠራሁ፣ ፈረመ። አምስተኛዋ ልጅ ብቻ ቆም ብላ «ስንት ብር ድረስ ነው?» አለች። እናቷ ጉሊት ትነግዳለች። ሕጉን ነገርኳቸው፤ ከ58ቱ አንድም አልተኛም። ይህን በ14 ዓመት አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ፔሮል ነበር። የ8,000ውን ልጽፍ ስል ከኋላ አንዱ «መምህር፣ የርስዎን ያሳዩን» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጻፍኩት። ስንት እንደሆነ እዚህ አልነግራችሁም፤ 58 ሰው ማወቁ ይበቃል። ግብሩን ራሳቸው አሰሉት፤ ጡረታውንም። የቤት ኪራይ ቀነሱ። ከዚያ መሳቅ አቆሙ።

እና ያቺው የጉሊቷ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ከርስዎ በየወሩ የሚቆረጠው ብር የት ነው የሚሄደው?»

---

ፔሮሏ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡04

እና ምን አልካት?

---

ጠመኔ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

ለሐሙስ አሳደርኩት። የወረዳውን በጀት ይዤ ልገባ ነው። ድሮ ወረዳ በር ላይ ይለጠፍ ነበር፤ አሁንም ያለ የሚያውቅ አለ?

---

ዕቁብተኛ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡26

እኛ ጋ ተለጥፏል። ግን ፀሐይ በልቶታል፤ ግማሹ ቁጥር አይነበብም።

---

ጠመኔ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡28

ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። የሚነበበውን እናነባለን፤ የማይነበበውን ልጆቹ ሄደው ይጠይቁ።